በቺፍ ፕላንጅ በረንዳ ላይ

ያይራ ዶትሴ ቺፍ ፕላንጅን የጠላችው በሰው ወሬ አልነበረም። ከባሕር ትምህርት ቤት ወጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳፈረችበት የጭነት መርከብ ላይ ዋናው መሐንዲስ፣ በመርከበኞች አጠራር ቺፉ፣ እሱ ነበር። ጉዞው አልቆ ቴማ ወደብ ሲደርሱ፣ የኩባንያው ሰውና መርከበኛው ሁሉ በቆመበት፣ "ይቺን ልጅ ብቻዋን የሞተር ክፍል ውስጥ የሚተው ሰው መርከቡን የጠላ ነው" ብሎ ተናገረ። ሰው ሳቀ። መርከበኛ ደግሞ ወሬ አያድርበትም፤ ያቺ ንግግር ከቴማ ታኮራዲ፣ ከታኮራዲ ሌጎስ እየቀደመቻት ትገባ ጀመር። አብረዋት የተመረቁት ወንዶች ተሹመው የየራሳቸውን ፈረቃ ሲይዙ፣ እሷ ገና ከወለል ላይ ዘይት ትጠርግ ነበር።

ያም ሆኖ አልተወችውም። ያደገችው ኬታ ነው። ባሕሩ የአያቷን ቤት በልቶ፣ የአባቷን ቤት በልቶ፣ ወደሚቀጥለው ሲያማትር እናቷ "ይብላ፤ እኛም ከእሱ እንበላለን" እያለች ዓሣ የምታጨስበት አገር። ያይራ ያንን እልህ ይዛ ወጣች። አንዱ አለቃ ሲያላግጥባት ወደ ሌላ መርከብ እየተዛወረች፣ ያኛውም ሲያላግጥባት ጥርሷን እየነከሰች፣ ሁለተኛ መሐንዲስ እስከመሆን ደረሰች። ከዚያ በላይ የቀረው ዋና መሐንዲስነት ብቻ ነው። የጽሑፉን ፈተና አለፈች። የቃሉ ላይ ወደቀች።

ያንገበገባት ባለማወቅ አለመውደቋ ነው። ፈታኙ ኢንጂነር ኦቦዳይ ይባላል፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ጉሮሮው ድረስ ቆልፎ የሚቀመጥ ደረቅ ሰው ነው።

"ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከመለኪያው መስታወት ጠፍቷል። ምን ታደርጊያለሽ?" አላት።

"እሳቱን አጠፋለሁ። ውሃ አልጨምርም። እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ።"

"እርግጠኛ ነሽ? መርከቡ እኮ እንፋሎት ይፈልጋል።"

መልሷ ልክ ነበር። የጋለ ብረት ላይ ውሃ መጨመር ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን የሰውየው ቅንድብ ከፍ ሲል "ምናልባት ትንሽ ትንሽ እያደረግኩ..." ብላ ጀመረች። ኦቦዳይ ብዕሩን ከደነ።

"ፈታኙ ቅንድቡን ባነሳ ቁጥር ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ዋና መሐንዲስ አይሆንም። ወደ ባሕርሽ ተመለሺ" አላት።

ቴማ ውስጥ ለቃል ፈተና ማን እንደሚያዘጋጅ ያልሰማ መርከበኛ የለም። ቺፍ ፕላንጅ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ተፈታኞችን ሲያሰቃይ ነው የሚውለው። "የፕላንጅን በረንዳ የቻለ ፈታኝ አይፈራም" ይሉታል። ያይራ ይህን በሰማች ቁጥር ሬት የቀመሰች ያህል ፊቷ ይኮማተራል። ከእሱ ደጅ ከመቆም ባሕር ብትገባ ይሻላታል። ግን ሌላ ሰው ብታጠያይቅ አጣች፤ እግሯን እየጎተተች ሄደች።

በሩን የከፈተችላት ሚስቱ አክስት አራባ ናት፤ ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትናገር የኤልሚና ሴት።

"አክስቴ፣ ቺፍ አሉ?"

"ማን ነው?" አለ ፕላንጅ ከበረንዳው።

"ያይራ ዶትሴ ነኝ።"

"ያቺ የኬታዋ? ምን ጠፋብሽ፣ መፍቻ?"

"ለቃል ፈተና እንዲያዘጋጁኝ ነው የመጣሁት።"

ሳል እስኪያፍነው ድረስ ሳቀ። "ወድቀሽ ነዋ።"

"አዎ፣ ወድቄ ነው።"

"ማነው የጣለሽ?"

"ኢንጂነር ኦቦዳይ።"

ስሙን ሲሰማ ሳቁ ቀጥ አለ። ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ "ሂጂ፣ ጊዜ የለኝም" አላት።

"ጊዜ የለኝም?" አለች አራባ። "ዓመቱን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ስትጮህ አይደል የምትውለው? እስኪ ደግሞ መልስ የሚሰጥ ሰው ላይ ጩህ።"

ፕላንጅ ሚስቱን በግልምጫ አየ። ከዚያ ያይራን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከታት። "ገንዘብሽን አልፈልግም። ያን ቀን ወደብ ላይ ያልኩት ልክ እንደነበር በዓይኔ ማየት ነው የምፈልገው። ካየሁ በኋላ አባርርሻለሁ።"

"ካላዩስ?"

"አያለሁ።"

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። በየማለዳው ትመጣለች። እሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ትቆማለች። የመጀመሪያ ቀን ወንበር ስትስብ "መቀመጥ ለሚያውቅ ሰው ነው" ብሏት ነበርና ከዚያ ወዲያ ወንበር ነክታ አታውቅም። የሃርማታን ወቅት ነው፤ ከበረሃው የሚመጣው አቧራ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ጉሮሮ ያደርቃል። እሱ ውሃ ይጠጣል፤ እሷን "ጠጪ" አይላትም።

"ነፋሱ ወደ ድንጋዩ እየገፋሽ ነው። መብራት ጠፋ፣ ሞተር ቆመ። ተናገሪ።"

"መጀመሪያ የአደጋ ጊዜው ጄኔሬተር መነሳቱን አያለሁ፤ ለካፒቴኑ..."

"ታያለሽ? በምን ዓይንሽ? ጨለማ ነው አልኩሽ።"

"መብራት በእጄ ይዤ።"

"ከየት አመጣሽው? ማን ሰጠሽ? ባትሪው ሞቷል።"

"እኔ ባለሁበት መርከብ ባትሪ አይሞትም። በየሳምንቱ እፈትሻለሁ።"

"ጉረኛ። ደግሞ ከመጀመሪያው።"

ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሲያሰኘው ከመሃል ያቋርጣታል፤ ሲያሰኘው እስከ መጨረሻው ሰምቷት "አየሽው ያን በግ?" ይላል ከአጥሩ ባሻገር የታሰረውን የጎረቤት በግ እያሳየ። "ከአንቺ እሱ ይሻላል። የማያውቀውን አይናገርም።"

አራባ አንዳንድ ቀን ከንኬ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅልና የተጠበሰ ዓሣ ከነሚጥሚጣው ታመጣለች። "አትስጫት፤ የጠገበ አያስብም" ይላል ፕላንጅ።

"እርስዎ ጠግበው እንደሚጠይቁማ ያስታውቃል፣ ቺፍ" ትለዋለች ያይራ። አራባ አፏን በቀሚሷ ጫፍ ሸፍና ወደ ጓዳ ትገባለች።

አንድ ቀን መርከበኞች ከሁሉ አብልጠው ወደሚፈሩት ጥያቄ ደረሱ። ትልቅ ሞተር ሆዱ ውስጥ አንድ ብረት ከልክ በላይ ሲግል ዘይቱ ይተንና ጭጋግ ይሆናል። ያ ጭጋግ እሳት ካገኘው ፍንዳታ ነው፤ በሞተሩ ጎን ያሉት የብረት በሮች ሰው ይዘው ይበራሉ። የማስጠንቀቂያው ደወል ሲጮህ ምን ይደረጋል?

ያይራ ተናገረች፦ ፍጥነት መቀነስ፣ ለካፒቴኑ መንገር፣ ሞተሩን ማቆም፣ ሰውን ከበሮቹ ፊት ማራቅ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ...

"ከግማሽ ሰዓት በላይ ምን?" አላት ፕላንጅ። "ቁጭ ብለሽ ልታለቅሺለት ነው? ሞተሩ እንደቆመ በሩን ክፈቺና ጭጋጉ ይውጣ። የሚፈነዳው የታፈነ ነገር ነው። እኔ በእድሜዬ ስንቴ ከፍቻለሁ።"

ልትቃወም አፏን ከፈተች። እሱ ግን ስንት ባሕር ያቋረጠ ሰው ነው። አፏን መልሳ ዘጋች። በማግስቱ ያንኑ ሲጠይቃት እሱ ያላትን መልሳ ነገረችው። "እህ" ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

ነገሩ የገባት ዓሣ አስጋሪዎቹ ወደብ ስትሄድ ነው። አንዲት ሴት ዓሣ ከምታጨስበት የጭቃ ምድጃ ላይ የተደራረቡትን ወንፊቶች ገለጥ ስታደርግ፣ ታፍኖ ሲጤስ የቆየው ነገር አየር አግኝቶ ቦግ አለና ቅንድቧን ሊለበልባት ምንም አልቀረው። ሴትዮዋ ተሳድባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያይራ ግን ባለችበት ደርቃ ቀረች። ይህንን ከእናቷ ጓዳ ጀምሮ ታውቀዋለች። የጋለ ብረት ያለበትን የታፈነ ጭጋግ ከፍቶ አየር መስጠት ማለት ክብሪት መጫር ማለት ነው። ይህን እያወቀች፣ አንድ የሚጠላት ሰው ስላዘዛት፣ ዋጠችው።

ከወደቡ በቀጥታ ወደ ፕላንጅ ቤት ሄደች። ሰላም አላለችም።

"ሰው ልታስፈጅ ነው? በሩን ክፈቺ ያልከኝ ሞተሩ እንደጋለ ነው። ያን መልስ ፈተናው ላይ ብሰጥ በወደቅኩ፤ መርከብ ላይ ባደርገው ሰው በገደልኩ። አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?"

"አንተ?" አለ ፕላንጅ። ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

"አዎ፣ አንተ።"

"ለመምጣት ሰነበትሽ። ያን ጊዜውኑ ትጮሂያለሽ ብዬ ነበር። እንደ ዶሮ ለቀምሽው፤ ይባስ ብለሽ በነጋታው መልሰሽ ተፋሽልኝ። ወደብ ላይ የተናገርኩትም ይህንኑ ነው፤ ሴትነትሽን አልነበረም። የነገሩሽን የምትውጪ ልጅ ነበርሽ፤ አሁንም ያው ነሽ።"

"ስለዚህ ሆን ብለህ ነው ያሳሳትከኝ?"

"ምን ይመስልሻል?"

ያይራ በሩ ላይ የቆመችውን አራባን አየቻት። አራባ ዓይኗን ሰበረች። ያይራ ትታቸው ወጣች። አራባ ግን እስከ ውጭው በር ተከትላት መጣችና "ልጄ፣ እኔንም አትጠይቂኝ። ፀጉሬን አብሬው አሸብቻለሁ፤ ሲፈትንና ሲሳሳት ግን ዛሬም መለየት አልችልም" አለቻት።

ከዚያ በኋላ ለብቻዋ ለመዘጋጀት ሞከረች። በተከራየችው ክፍል ውስጥ እየተንጎራደደች ራሷን ትጠይቃለች፣ ራሷ ትመልሳለች። ችግሩ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰው ከራሱ ጋር ምንጊዜም ይስማማል። ፈታኙ የሚፈልገው መልስ ብቻ አይደለም፤ የሚገፋት ሰው ሲኖር የማትነቃነቅ መሆኗን ነው። ከፕላንጅ የበለጠ የሚገፋ ደግሞ ከየት ይመጣል? ንዴቷ ሳይበርድ ተመልሳ በረንዳው ላይ ቆመች። ፕላንጅም የት ጠፍተሽ ነበር አላላትም።

አሁን ግን እንደ በፊቱ አልሆነም። አንድ ቃል በነገራት ቁጥር "ማስረጃህ?" ትለዋለች። አንቱታውን አልመለሰችለትም፤ እሱም አልጠየቀም። ጩኸታቸው ስለበዛ ጎረቤታቸው "እዚህ ቤት ሰው ሞቷል እንዴ?" ብላ ልካ ነበር። አንድ ቀን መርከብ ወደ ወደብ ሲጠጋ ነዳጅ ስለሚቀየርበት ደንብ ተጣሉ። ፕላንጅ የድሮውን ደንብ ሙጥኝ አለ። ያይራ አዲሱን መጽሐፍ ገልጣ ስታነብለት በመዳፉ መትቶ ከእጇ ጣለው።

"ይህን ያወጡት ዘይት ነክተው የማያውቁ ናቸው።"

"ኦቦዳይ የሚጠይቀኝ ግን ይህን ነው። አንተ አርጅተሃል።"

ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ። አራባ "ዛሬ በቃው፤ ሂጂ" አለቻት። በማግስቱ ስትመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተቀምጦ አገኘችው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለዚያው ነዳጅ ነበር፤ በአዲሱ ደንብ፣ መጽሐፉ ውስጥ ከተጻፈውም አጥብቆ። መጽሐፉ የእሷ ነው፤ ከወደቀበት ሳታነሳው ነበር የሄደችው። ይቅርታ የሚመስል ነገር ከአፉ አልወጣም። የጠየቃትንም ግማሹን ሳትችል ቀረች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ኦቦዳይ እንደ ልማዱ እስከ ጉሮሮው ቆልፎ ተቀምጧል። ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት "ፕላንጅ እያዘጋጀሽ ነው ሲሉ ሰማሁ" አላት።

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው እናያለን።"

ጀመረ። ስለ ፓምፕ፣ ስለ መሪው፣ ስለ እሳት፣ ዘይት ያለበትን ቆሻሻ ውሃ ወደ ባሕር ስለመጣል። ትንፋሽ አይሰጣትም። አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ይወረውርባታል። የበረንዳው ጩኸት በጆሮዋ ውስጥ ስላለ አልደነገጠችም፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ ወደሚቀጥለው አላለፈችም።

በመሃል መብራት ጠፋና ማራገቢያው ቆመ። ክፍሉ እንደ ምድጃ ጋለ። ኦቦዳይ ትንሽ ታገለና የአንገቱን ቁልፍ ፈታ፤ ያኔ አየችው። ከአንገቱ ሥር ጀምሮ ወደ ደረቱ የሚወርድ፣ የተጨማደደ የቃጠሎ ጠባሳ። እያየችው መሆኑን አወቀ።

"የዘይቱ ጭጋግ ደወል ጮኸ። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነሽ። ቀጥይ" አላት።

"ለካፒቴኑ ነግሬ ፍጥነት አስቀንሳለሁ። ሞተሩ እንዲቆም እጠይቃለሁ።"

"አይቆምም፤ ከቆመ ድንጋይ ላይ ነን ይልሻል።"

"መርከቡን የሚያዘው እሱ ነው። ሊፈነዳ እንደሚችል በግልጽ እነግረዋለሁ። ከዚያ በዝግታ ይሂድ፤ እኔ ግን ሰዎቼን በሙሉ ከሞተር ክፍሉ አወጣለሁ።"

"ሞተሩን ጥለሽ ትወጫለሽ?"

"እንከታተለዋለን፣ ከውጭ ሆነን። ማንም አጠገቡ አይቆምም።"

"እሺ፤ ከመተላለፊያው ወጣችሁ፣ ቆመ። በሩን መቼ ትከፍቻለሽ?"

"ከግማሽ ሰዓት በፊት አልከፍትም። ከዚያም በላይ ቢሆን፣ መቀዝቀዙን ሳላረጋግጥ አልከፍትም።"

"ካፒቴኑ ቸኩሏል።"

"ይቸኩል።"

"ኩባንያው ስልክ ላይ ነው።"

"እነሱም ይጠብቁ።"

ኦቦዳይ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ድምፁ ቀነሰ። "ፕላንጅ ግን ስንት ደቂቃ ብሎ አስተማረሽ?"

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባት። የፕላንጅ ሳቅ ስሙን ሲሰማ ለምን እንደቆመ፣ ይህ ሰው በሙቀት ለምን ተቆልፎ እንደሚኖር፤ ፕላንጅ አንድ ጊዜ የጋለ ሞተር ሲያስከፍት ይህ ሰው በሩ ፊት ቆሞ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃታል። "ወዲያው ክፈቺ ብሎኛል" ብትል፣ ወደብ ላይ ለተናገረባት ቃል ብድሯን ትመልሳለች፤ በዚያች ሰዓት የፕላንጅ ስም ቴማ ውስጥ ያበቃለታል። ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ።

"ጌታዬ፣ የሚፈተነው ቺፍ ፕላንጅ ከሆነ እሱን ያስጠሩት። እኔ ከሆንኩ መልሴን ሰጥቻለሁ" አለች።

"ትከላከዪለታለሽ?"

"አልወደውም። ግን እዚህ የመጣሁት ስለ እሱ ልመሰክር አይደለም።"

መብራት መጣና ማራገቢያው እየተንቋቋ ተነሳ። ኦቦዳይ ቁልፉን መልሶ ቆለፈ። "አልፈሻል። ደስ ስላልሽኝ ግን አይደለም" አላት።

"ይገባኛል፣ ጌታዬ።"

ወደ ፕላንጅ ቤት የሄደችው ለማመስገን አልነበረም። ለምን እንደሄደች ራሷም በደንብ አታውቅም። በረንዳው ላይ ቆማ ማለፏን ነገረችው።

"ፈተናውን አቅልለውታል ማለት ነው" አለ።

"ስለ ዘይቱ ጭጋግ ጠየቀኝ። አንገቱን አየሁት።"

የፕላንጅ እጅ የውሃ ብርጭቆው ላይ ቀረ። አራባ ከጓዳ የምታንኳኳው ዕቃ ድምፅ ጠፋ።

"ቁም ያልኩት ቦታ አልቆመም" አለ።

"ስለ እሱ አልጠየቅኩህም። ያን ቀን እኔን እየፈተንከኝ ነበር ወይስ ታምንበት ነበር?"

"ፈተናሽ አልቋል። ሂጂ።"

"መልስልኝ።"

"ሂጂ አልኩሽ።"

ሄደች። መልሱን ከዚያ ወዲያ አላገኘችም፤ ደግማም አልጠየቀችም። ፕላንጅ ለሚመጣለት ሁሉ "ያቺን አላስተማርኳትም፤ በዕድል ነው ያለፈችው" እያለ እንደሚያወራ ሰማች። እሷም ማን አዘጋጀሽ ሲሏት መልስ አትሰጥም። መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ ሰላም ሳይባባሉ ይተላለፋሉ፤ እሱ ባርኔጣውን አያነሳም፣ እሷም አንገቷን አትሰብርም።

ብዙም ሳይቆይ ዋና መሐንዲስ ሆና በአንድ አሮጌ የሲሚንቶ ጫኝ መርከብ ላይ ተቀጠረች። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሰዎቿን የሞተር ክፍሉ ውስጥ ሰብስባ፣ ደወል ሲጮህ እያንዳንዱ በየት በኩል እንደሚወጣ ጠየቀች። ከኋላ የቆመ፣ በዕድሜ የሚበልጣት ዘይት ቀጂ በጓደኛው ጆሮ አንድ ነገር አንሾካሾከና ሁለቱም ፈገግ አሉ።

"አንተ፣ ምን አልክ?" አለችው።

"ምንም፣ ማዳም።"

"ቺፍ ነው የምባለው። ያልከውን ጮክ ብለህ ንገረኝ።"

ሰውየው መሬት መሬት አየ። ሞተሩ ይጮኻል። ያይራ እጇን አጣምራ ጠበቀችው። እስኪናገር ድረስ ማንንም ወደ ሥራው አላሰናበተችም።